ሦስተኛው ቀለበት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ስለ ሥራዬ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ጎረቤቶቼ የሚያውቁኝ እግሯን የሚያማትና እድር ላይ የምትነጫነጭ ሴትዮ አድርገው ነው። ባለፈው ወር ግን ሁለት ወጣቶች ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ያለው ቤቴ ድረስ መጡ። ለተማሪዎች በስልክ የሚሠራ ትምህርት እያዘጋጁ ነው። ሥዕሉ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ አለው፣ ልጁ ሥዕሉን ሲነካው ጥያቄ ይጠይቀዋል። ተማሪው ዓይነ ስውር ከሆነ ደግሞ ስልኩ ራሱ ጽሑፉን እያነበበ ያሰማዋል። የተቸገሩት ሥዕሉ ላይ ነው። እዚያ ሲደርስ ስልኩ «ምስል» ይልና ዝም ይላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሥዕል የሚነበብ ነገር መጻፍ አለባቸው፤ እሱን ሥራ የሚያውቅ ሰው ሲያፈላልጉ የእኔን ስም ሰሙ።

«እማማ የሺ፣ ለአንድ ሥዕል ስንት ቃል ይበቃዋል?» አለኝ ስልኩን የያዘው።

እማማ መባሉን ለምጄዋለሁ። ጥያቄው ግን አናደደኝ። ሃያ ቃል ብዬ ብሸኛቸው ደስ ብሏቸው ይሄዱ ነበር። ላስብበት አልኳቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያሰብኩት ይኸው ነው። ነገሩ የሥዕል ይምሰል እንጂ የምጽፈው ስለ አንዲት ልጅ እጆች ነው። እጆቿን ያጣችው እኔ በጥንቃቄ በሠራሁት ሥራ ነው።

የተቀጠርኩት ደርግ በገባ በዓመቱ ገደማ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ታይፕ ተምሬ ነበር። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ባቡር ጥገና ላይ የሠራ ሰው ስለሆነ ለእኔ የተመኘልኝ ከዘይትና ከጥላሸት የራቀ ወንበር ነበር። ወንበሩ ተገኘ። ዓይነ ስውራን ልጆች እያደሩ የሚማሩበት አንድ ቤት ውስጥ፣ ከጓሮ በኩል ያለች ቆርቆሮዋ የሚጋል ክፍል ነበረች። የብሬል ክፍል ትባላለች። ደመወዙን ተዉት፤ ከደመወዙ ይልቅ ለመዋጮ የሚቆረጠው ትዝ ይለኛል።

ክፍሉ ውስጥ የተቀበለኝ ጋሽ ውብሸት ነው። በሕፃንነቱ ፈንጣጣ ዓይኑን ወስዶበታል፤ ያኔ ሃምሳን ተሻግሯል። ሥራው አራሚነት ነው። ዓይን ያለን ሰዎች በነጠብጣብ የጻፍነውን እሱ በጣቱ አንብቦ ያርማል። «አንተ» እያልኩ ብጽፍ አትታዘቡኝ። ድሬዳዋ ውስጥ «እርስዎ» የሚባለው ዳኛ ፊት ሲቀርቡ ነው።

የመጀመሪያ ቀን ወንበር እንኳን ሳይሰጠኝ «መስኮቱ ምን ይመስላል?» አለኝ።

«ጥሩ መስኮት ነው» አልኩት።

«ጥሩነቱን እኔ እወስናለሁ። ስንት መስታወት አለው?»

«ስድስት።»

«የተሰበረው የትኛው ነው?»

አየሁት። ከታች በስተቀኝ ያለው ተሰብሮ ካርቶን ተለጥፎበታል። «የተሰበረ እንዳለ በምን አወቅህ?» አልኩት።

«ነፋሱ ነገረኝ። አንቺ ግን ዓይን ይዘሽ አልነገርሽኝም» አለና ወንበር አሳየኝ። የሥራ ፈተናዬ ይኼ ነበር፤ ወድቄ ነው የተቀጠርኩት።

ልማዱ ብዙ ነው። ጠዋት ሰው አይጨብጥም፤ ጣቴ ይሰንፋል ይላል። ማረም ከመጀመሩ በፊት እጁን በሳሙና ሁለቴ ይታጠባል፣ ጥፍሩን በየሁለት ቀኑ ይቆርጣል፣ ከዚያ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ከቶ እስኪሞቁ ይጠብቃል። በድሬዳዋ ሙቀት! አንድ ሥዕል ሠርተን ስንሰጠው እሱ ከመንካቱ በፊት የሠራነው ሰዎች ጠረጴዛው ላይ በተዘረጋ ፎጣ ሥር እጃችንን አስገብተን የገዛ ሥራችንን እንድናነብ ያደርገናል። ሦስት ጥያቄ አለው። ስንት ነው? የት ነው? ምን ይነካዋል? እነዚህን ሳትመልሱ ሌላ ነገር ብታወሩ አይሰማችሁም። ሁልጊዜ የሚላት ደግሞ አንዲት ነገር አለች። «ዓይን ይዘላል፣ ጣት አይዘልም።»

ስንጽፍ በስሌት ነው። ስሌት ማለት ሁለት ብረት ተጋጥሞ ወረቀቱ መሐሉ የሚገባበት፣ ስታይለስ በሚባል ሹል መውጊያ እየወጉ የሚጻፍበት ነው። ወረቀቱ ተገልብጦ ስለሚነበብ የሚጻፈው እንደ ዓረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ዓረብኛ ማንበብ የሚያውቁት የመጋላ ባልደረቦቼ ከእኔ ቀድመው የለመዱት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ሥዕል ሲሆን ደግሞ ያገኘነውን እንለጥፋለን፤ ክር፣ የክብሪት እንጨት፣ የማሽላ ፍሬ፣ ከደቻቱ ወንዝ ተነፍቶ የመጣ አሸዋ። መጀመሪያ የሠራሁት የኢትዮጵያ ካርታ ላይ ለወንዙም ለባቡሩም አንድ ዓይነት ክር ተጠቅሜ ልጆቹ ዓባይን ይዘው ጅቡቲ ገቡ። ጋሽ ውብሸት ስቆ ሲያበቃ ክሩን በጥርሱ ነቀለው። እስከ ዛሬ ወፍራም ክር ሳይ ባቡር ይመስለኛል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው የሬድዮ ትምህርት ነበር። ሬድዮዋ ውስጥ ያለችው መምህርት «አሁን በፊታችሁ ያለውን ሥዕል ተመልከቱ» ትላለች፣ ጥያቄ ትጠይቃለች፣ ደወል ይደወላል፣ ከዚያ ልጆቹ እንዲመልሱ ዝም ትላለች። ዝምታው የተለካው ለዓይን ነው። የእኛ ልጆች ጣታቸው የሥዕሉ ጫፍ ላይ ሳይደርስ እሷ መልሱን ተናግራ «ጎበዞች!» ብላ ታልፋለች። ስለዚህ በቴፕ እንቀዳውና ዝምታው ላይ ስንደርስ ማቆሚያውን እጫናለሁ። ልጆቹ ነክተው እስኪጨርሱ ጣቴን ከማቆሚያው አላነሳም። በዚያ ክፍል ውስጥ ጊዜን የማቆም ሥልጣን የነበረኝ እኔ ብቻ ነኝ፤ ኮራሁበት።

ልጆቹ ግን ይቸኩላሉ። አንዱ ቀንድ ይነካና «በሬ!» ይላል፤ ሲጨረስ በግ ነው። ስለዚህ ጋሽ ውብሸት ሕግ አወጣ። ዳር እስከ ዳር ነክታችሁ ሳትጨርሱ የነገሩን ስም እንዳትጠሩ። ቸኩሎ የጠራ ልጅ እንደገና ከመጀመሪያው እንዲነካ ይደረጋል። ይህን ሕግ በየቀኑ ያስፈጸምኩት እኔ ነኝ።

ሐሊማን ያገኘኋት ቤት ተዘግቶባቸው የሚውሉ ዓይነ ስውራን ልጆችን እንድመዘግብ ለሦስት ወር ከከተማው ወጣ ብላ ወዳለችው ዋሂል ተመድቤ በነበረ ጊዜ ነው። አባቷ አቶ ሮብሌ የጀልዴሳ ሰው ነው፤ በግመል ዕቃ ያመላልሳል፣ ሶማሊኛ ተናጋሪ ነው፣ አማርኛው የገበያ አማርኛ ነው። ከአንድ ሱቅ በር ላይ ጠራኝና «ልጅ አለኝ። ዓይን የላትም፣ ምላስ ግን አላት፣ ወላሂ ቤቱን አስጨንቃለች። ውሰጂልኝ» አለኝ። ወሰድኳት። አሥር ዓመት ይሆናታል።

የሐሊማን ያህል የሚያነብ እጅ በሥራ ዘመኔ አላየሁም። ግራዋ የመስመሩን መጀመሪያ ይይዛል፣ ቀኟ ወደፊት ይሄዳል፣ ግራዋ ደግሞ ቀኟ ሳይጨርስ የሚቀጥለውን መስመር ያገኛል። በሁለተኛው ዓመት ጋሽ ውብሸት ራሱ ያላያቸውን ስሕተቶች ታወጣ ጀመር። የተንበረከከ ግመል ሠርቼ ብሰጣት ዳር እስከ ዳር ነካችና «ቲቸር፣ ይሄ ግመል ታሟል» አለችኝ።

«ለምን?»

«አንገቱን እንዲህ መሬት ላይ የሚጥል ሲታመም ነው። አቦ፣ ሰው ግመል ሳያይ ግመል ይሠራል?»

ጋሽ ውብሸት በሳቅ ፈነዳ። «እኔ ስሞት ይቺ ናት አራሚዋ» አለ። ከዚያ በኋላ እውነትም አጠገቡ አስቀምጦ ያሠለጥናት ጀመር። ሳሙናውን ይሰጣታል፣ ጥፍሯን ያስቆርጣታል፣ በዚያ ሙቀት ሁለቱም እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አራሚ ከሆነች ደመወዝተኛ ትሆናለች፤ የማንም ቤት ጥግ ላይ አትቀመጥም። አባቷም፣ እሷም፣ እኛም የያዝነው ተስፋ ይህ ነበር፤ ተስፋውም ያለው እጆቿ ላይ ነው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ከተማዋ ጫፍ ደርሶ ተመለሰ፤ ተመለሰ እንበል እንጂ ዕቃውን ሰብስቦ አልሄደም። ሜዳውና ሸለቆው በብረት ተሞላ። ከብት ጠባቂዎች ሞቱ፣ ሕፃናት ሞቱ። በዚህ ጊዜ አንድ የሬድዮ ትምህርት ከነሥዕሉ ተዘጋጅቶ ለትምህርት ቤቶች ሁሉ ተላከ። ሥዕሉ ላይ ሳይፈነዱ የቀሩ ሦስት ነገሮች አሉ። ሦስተኛው ትንሽ ነው፤ ከሞርታር ቅምቡላ አናት ተለይቶ የወደቀ ማቀጣጠያ። ከሻይ ብርጭቆ ያንሳል፣ ወገቡ ላይ ቀለበቶች አሉት። ትምህርቱ የሚለው እንዲህ ያለ ነገር ስታዩ አትንኩ፣ ለትልቅ ሰው ንገሩ ነው። የእኛ ልጆች ደግሞ ሳይነኩ የሚያዩት ነገር የለም።

ትምህርቱን ይዞልን የመጣው ጓድ አስፋው ነው። ትምህርት ቤቶችን እንዲከታተል የተመደበ ካድሬ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። ጫማው የተቀደደ፣ ጉንፋን የማይለቀው፣ ሪፖርት እንቅልፍ የሚነሳው ሰው ነው። «ጓዶች፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ መጥቼ አዳምጣለሁ። እንደ ሌሎቹ ትምህርት ቤቶች እኩል መልስ እፈልጋለሁ» አለን። እኩል የምትለዋ ቃል ያዘችኝ። እኔም የምፈልገው እኩል እንዲመልሱ ነበርና።

ሁለቱን ትልልቆቹን በጭቃ ሠራሁ። ለትንሹ ግን ጭቃ አልበቃኝም። እንጨት የሆነ በግ በግ አይደለም ብሎ ያስተማረን ጋሽ ውብሸት ነው። ጓድ አስፋው በወታደር አስጠብቆ የመከነ ማቀጣጠያ ለአንድ ከሰዓት አመጣልኝ፤ የአባቴ ጓደኛ የሆነ የቶርኖ ሠራተኛ ለካውና ልክ እሱን የሚመስል ከድፍን ብረት አወጣልኝ። ክብደቱ፣ ቅዝቃዜው፣ በሦስቱም ቀለበቶች መሐል ያለው ስንጥቅ አንድ ነው። እንደዚያ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም ነበር።

ጋሽ ውብሸት በፎጣው ሥር ነካው። ብዙ ቆየ። ከዚያ አውጥቶ ከራሱ አርቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«አልወደድኩትም» አለኝ።

«ምኑ ተሳሳተ?»

«ምኑም። እጅ ውስጥ ደስ ይላል። ይሄን ነገር የያዘ ልጅ ምንም እንደማያደርገው ነው የሚማረው።»

«ታዲያ በምን ይወቁት?»

«በቃል ንገሪያቸው። የማታውቁት ቀዝቃዛ ብረት መሬት ላይ ካገኛችሁ እጃችሁን አንሡ፣ ባላችሁበት ቁሙ፣ ተጣሩ በይ። ይበቃል። ቀለበት የምታስቆጥረውን ጥያቄ ደግሞ አውጫት።»

ሬድዮዋ ላይ ያለው ጥያቄ «ስንት ቀለበት አለው?» የሚል ነበር። ለሚያይ ልጅ ከሥዕል ላይ መቁጠር ነው፤ አይጎዳውም። እኔ ግን አላወጣሁትም። «ጥያቄው ላይ ሲደርስ ዝም ቢሉ ጓድ አስፋው ምን ይላል? ደግሞስ ምንም አትዝለሉ፣ ለእነሱ አትምረጡላቸው ያልከን አንተ አይደለህ?» አልኩት። የራሱን ቃል መለስኩበት። እጁን ብብቱ ውስጥ ከተተና ዝም አለ። ዛሬ ሳስበው ያ ክርክር ባይቀናኝ ይሻለኝ ነበር።

ጓድ አስፋው በመጣ ዕለት ልጆቹ በረድፍ ተቀመጡ። ብረቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሬድዮዋ ጠየቀች፣ ደወሉ ተደወለ፣ እኔ ቴፑን አቆምኩ። ሐሊማ መጨረሻ ነበረች። በግራ እጇ ያዘችው፣ በቀኟ እያዞረች ከላይ እስከ ታች ሄደች፣ ጨረሰች፣ መልሳ አስቀመጠችው። ማቆሚያውን ለቀቅሁ። ሁሉም በአንድ ድምፅ «ሦስት!» አሉ። ጓድ አስፋው እጄን ጨበጠኝ፤ ስሜም ሪፖርት ላይ ወጣ። ጋሽ ውብሸት በዚያ ቀን ምሳ አልበላም።

ክረምት ሆነና ልጆቹ ወደየቤታቸው ሄዱ። እኔ ቢሮ ውስጥ የሚቀጥለውን ዓመት መጽሐፍ ስጽፍ ከርሜ ነሐሴ መጨረሻ ላይ አቶ ሮብሌ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ብቻውን ነው። ልብሱ ላይ የደረቀ ደም ነበር።

ጀልዴሳ ጎርፍ ወርዶ ነበር። ጎርፉ ሲያልፍ ሰው ወንዙ አሸዋ ላይ ጉድጓድ እየጫረ ውሃ ያወጣል። ሐሊማም ከእህቶቿ ጋር በእጇ እየጫረች ነበር። አሸዋው ውስጥ አገኘችው።

ሐኪም ቤት ከጋሽ ውብሸት ጋር ሄድን። ቀኝ እጇ ከአንጓው ተቆርጧል። ከግራዋ የቀሩት አውራ ጣትና ትንሿ ጣት ናቸው፤ የእነሱም ጫፍ ተቃጥሏል። ጋሽ ውብሸት እንደ ልማዱ እጇን ሊፈልግ እጁን ዘረጋ፣ ፋሻ አገኘና እዚያው ተወው። ከሐሊማ በፊት የተናገረው አባቷ ነው።

«ቲቸር፣ ዓይን ያላት ልጅ አልሰጠሁሽም፣ አውቃለሁ። እጅ ያላት ልጅ ግን ሰጥቼሽ ነበር።»

አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

ሐሊማ ድምፃችንን ስትሰማ ፊቷን አዞረች። «ቲቸር፣ ገና ስይዘው ጠርጥሬ ነበር» አለችኝ። «ቅዝቃዜው ያው ነው።»

«ታዲያ ለምን አልጣልሽውም ሐሊማ?»

«አልጨረስኩማ። ሁለት ቀለበት ቆጥሬ ነበር። ሦስተኛውን እየፈለግኩ ሳዞረው ነው።»

ያጠፋችው ነገር ያለ መስሏት ነበር፤ አነጋገሯ ያልጨረሰ ተማሪ አነጋገር ነው። እኔ እዚያ አልጋ አጠገብ ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ጋሽ ውብሸት ግን ያለውን አስታውሳለሁ። «ልጄ፣ ጨርሰሻል» አላት።

በሳምንቱ ስብሰባ ተጠራ። ግለ ሂስ የሚሉት ነበር፤ ተነስተህ የራስህን ጥፋት ትናገራለህ፣ ከዚያ ሌላው ይጨምርልሃል። ሪፖርቱ ግን ከስብሰባው በፊት ተጽፎ አልቋል። «ተማሪዋ በሬድዮ የተሰጣትን ማስጠንቀቂያ በመተላለፍ» ይላል። ጓድ አስፋው ዓይኔን ሳያይ እስክሪብቶ ሰጠኝ። እሱም ይፈራል፣ እኔም እፈራለሁ፤ በዚያ ዘመን ሰው ከስብሰባ ወጥቶ ቤቱ የማይደርስበት ጊዜ ነበር። ፈረምኩ። ይህን የጻፍኩት እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ ፈርሜያለሁ።

ጋሽ ውብሸት የጣት አሻራህን አድርግ ሲባል «እኔ መጻፍ እችላለሁ» አለና ስሌቱን አውጥቶ ሁሉም እያዩት አንድ መስመር ወጋ። ወረቀቱን ጓድ አስፋው ተቀብሎ አገላብጦ አየው፤ እዚያ ስብሰባ ላይ ከእሱና ከእኔ በቀር ብሬል ማንበብ የሚችል ሰው አልነበረም። እንዳለ ፋይል ውስጥ ገባ። ፋይሉን ሳስቀምጥ በጣቴ ነካሁት። «ልጅቷ ያስተማርናትን አደረገች» ይላል።

ከዚያ ወዲያ ጋሽ ውብሸት ጠባዩ ተለወጠ። ጠዋት ጠዋት በሩን ዘግቶ ይቀመጣል። ከንፈሩ መሰነጣጠቅ ጀመረ፤ አንዳንድ ቀን ይደማል። በሽታ ያዘው ብዬ ፈራሁ። አንድ ቀን በሩን ከፍቼ ስገባ መጽሐፉን እንደ ሰሐን ወደ አፉ አቅርቦ በታችኛው ከንፈሩ መስመሩን ይከተላል።

«ምን ሆነሃል?» አልኩት።

«እየተማርኩ ነው። ሳላውቅ ላስተምራት ነው እንዴ?»

የብሬል ወረቀት ለከንፈር ሻካራ ነው፤ ነጥቡም ለከንፈር በጣም ይቀራረባል። አንድ ገጽ ለማንበብ ሦስት ወር ፈጀበት። ሐሊማ ድና ስትመለስ አጠገቡ አስቀመጣትና ወረቀቱን ወደ ፊቷ አቀረበላት። ልጅቷ ግን ራሷን ወደ ኋላ ሳበች።

«ምንድን ነው?» አለች።

«ወረቀት ነው።»

«ምን ያለበት ወረቀት?»

«ንኪና ታውቂዋለሽ» ሊላት አፉን ሲከፍት አየሁት። ዕድሜውን ሙሉ ሲለው የኖረው ቃል ነው። ዋጠው። «ተረት ነው» አላት። «የጅብና የአህያ ተረት። አንድ ገጽ ነው። አይጎዳሽም።»

ወረቀቱ ከንፈሯን እስኪነካ ብዙ ቆየች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከክፍላችን የሚወጣ ማንኛውም ገጽ፣ ማንኛውም ሥዕል፣ መጀመሪያው ላይ ምን እንደሆነ ይጻፍበታል። ካርታ ከሆነ ካርታ፣ በግ ከሆነ በግ። ልጆቹ ስሙን አውቀው ይነካሉ፤ ያገኙትን ይናገራሉ። የድሮውን ሕግ ጋሽ ውብሸት ራሱ ሻረው። ስለ ብረቱ ግን አንድም ቀን አንስቶ አልወቀሰኝም። «ዝም ያልኩት እኔ ነኝ» ብቻ ይል ነበር። ደርግ ሳይወድቅ ሞተ። ስሌቱ እኔ ዘንድ አለ።

ሐሊማ አራሚ አልሆነችም። በከንፈር ተረት ይነበባል፣ መጽሐፍ ማረም ግን ከባድ ነው። ሁለት ዓመት ሞክራ አባቷ መጥቶ ወሰዳት። እኔ በሥራዬ ቀጠልኩ፤ ሦስት አለቃ ተቀያየረብኝ፣ መንግሥት ተለወጠ፣ ጡረታ ወጣሁ። ሲሸኙኝ ጋቢ አለበሱኝ።

ወጣቶቹ በቀጠሯቸው ሲመጡ ብቻዬን አልጠበቅኋቸውም። ዋሂል ሰው ልኬ ሐሊማን አስመጥቼ ነበር። አሁን እዚያ ሱቅ አላት፣ ልጆች ወልዳለች፣ ምላሷ እንደ ድሮው ነው። ስልክም ትጠቀማለች፤ በግራ እጇ በቀረችው ትንሽ ጣት አንጓ እየነካች ታስነብበዋለች። ስለ እጇ ለወጣቶቹ ምንም አልነገርኳቸውም። ለሰላምታ እጃቸውን ዘረጉና የሚጨብጡት ጠፋቸው፤ እጇን ሲያዩ ዓይናቸውን አነሡ።

ስልኩን ፊቷ አስቀመጡላት። በአንጓዋ ነካችው። ስልኩ የትምህርቱን ርእስ አነበበ፣ ሁለት መስመር አነበበ። ከዚያ «ምስል» አለ።

ሐሊማ እጇን አነሳች። ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«እዚያ ላይ ሁለቴ ሲነኩት ይከፈታል» አላት ልጁ ቀስ ብሎ። «ይንኩት።»

«የምኑ ምስል ነው?» አለችው።

«ሲነኩት ይመጣል፣ እናቴ።»

«አይ ልጄ። መጀመሪያ ምን እንደሆነ ይንገረኝ፤ ከዚያ እነካዋለሁ።»

ልጁ እኔን አየኝ። ስልኩን ከፊቷ አንስቶ መጻፍ ጀመረ። ስንት ቃል ይሁን ብሎ አልጠየቀኝም።